ካሊብሬት የተባለው ሚዛን

አብዱልሃዲ የሞተው በገዛ ሚዛኑ ድንጋይ ተመትቶ ነው። የመታው ሱፍዋን የሚባል ገበሬ ሲሆን፣ ሁለቱን ያጣላቸው አንዳቸውም በቅጡ የማያውቁት አንድ የፈረንጅ ቃል ነበር። ሁሉንም በዓይኗ ያየችው የአብዱልሃዲ ልጅ ፈሪሃ ናት። ዛሬም ሸዋሮቢት ውስጥ በዚያው በአባቷ ሥራ ትኖራለች።

እናቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተች ፈሪሃ ያደገችው አባቷ እግር ሥር፣ በማሾ ጆንያ መሃል ነው። ገበሬው ከቆላው ቀበሌ በአህያና በባጃጅ ጭኖ ይመጣል፤ አብዱልሃዲ ይመዝናል፤ እሷ ትቀበላለች፣ ታበጥራለች፣ የጆንያ አፍ ትሰፋለች። ሚዛኑ ከአያቷ የወረደ፣ ከወፍራም አጣና ላይ የተንጠለጠለ ባለ ሁለት ሳህን ነው። በአንዱ ሳህን እህሉ፣ በሌላው የብረት ድንጋዮቹ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሃያዎች፣ አሥሩ፣ አምስቱ፣ ሁለቱና አንዱ።

ከጦርነቱ በፊት አንድ የሚዛን መርማሪ መጥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈትሾ፣ በእያንዳንዱ ላይ አረንጓዴ ወረቀት ለጥፎ ሄዷል። ወረቀቱ ላይ «ካሊብሬትድ» የሚል ቃል አለ። አብዱልሃዲ ያን ቃል ወደደው። ገበሬ ሲጠራጠር ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ካሊብሬት ነው» ይላል፤ ገበሬውም ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ቃሉ ከእሱ ወጥቶ በገበያው ተዛመተ። ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «የእኔ ካሊብሬት ነው» ማለት ጀመረች። ቀጥተኛ ሰው ሲመሰገን «እሱኮ ካሊብሬት ሰው ነው» ይባል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም የመሰለውን ያዘ፤ አንዱ መንግሥት ያጸደቀው ማለት ነው ይላል፣ ሌላው የማይሳሳት ማለት ነው ይላል።

ከዚያ ጦርነቱ በከተማው ላይ አለፈ። መጋዘኑ ተሰበረ፣ ማሾው ተዘረፈ፣ ሚዛኑን ነቅለው ከደረጃው ቁልቁል ወረወሩት። አብዱልሃዲ ከስደት ሲመለስ የሚዛኑን ክንድ ጎብጦ አገኘው። ብየዳ ቤት ወስዶ አቃናው። ባዶውን ሲሰቅለው አንዱ ወገን ዘንበል አለበት፤ ቁራጭ ብረት በሽቦ አሥሮ እኩል አቆመው። ድንጋዮቹ ላይ ያለው አረንጓዴ ወረቀት አልተነካም። ሥራውን ቀጠለ።

ሱፍዋን የመጣው በማሾ ወቅት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው። ከዚያ ቀደም ሁሌ ለአብዱልሃዲ ይሸጥ ነበር፤ ጸባዩ ቁጥብ የሆነ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ጆንያውን ሳህኑ ላይ አወጣው። አብዱልሃዲ ድንጋይ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ «አርባ ሰባት» አለ።

«ጋሼ፣ ቤቴ መዝኜው ነው የመጣሁት» አለ ሱፍዋን። «ሃምሳ አራት ነበር። እስቲ ድገሙት።»

ተደገመ። አርባ ሰባት ሆነ።

«ሰባት ኪሎ መንገድ ላይ ተንጠባጠበብኝ ልትሉኝ ነው?»

«የአንተ የቤት ሚዛን ምን እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ካሊብሬት ነው።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ካሊብሬት ነዋ። አታየውም ወረቀቱን?»

«አያለሁ። ምን ማለት ነው ነው የምሎት። ባማርኛ ይንገሩኝ።»

አብዱልሃዲ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሰው ተሰብስቧል። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ፈሪሃ የአባቷን ፊት አይታ አፈረችለት፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ሱቅ ደጃፍ እንደ ተማሪ ተጠይቆ መልስ አጥቷል። አብዱልሃዲ እፍረቱ ወደ ንዴት ተለወጠበትና «ለማይምማ ምን ብዬ ላስረዳህ» አለ።

«አንተ ሌባ ነህ» አለ ሱፍዋን።

አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው ነው አንተ ያለው። አብዱልሃዲ እጁን ሰንዝሮ በጥፊ መታው። ሱፍዋን ጎንበስ ሲል ሰዉ የሚሄድ መስሎት ነበር፤ ቀና ያለው ግን የአምስት ኪሎውን ድንጋይ በእጀታው ይዞ ነው። አንዴ ጆሮ ግንዱን መታው። አብዱልሃዲ በጉልበቱ ወርዶ በእጁ መሬቱን ሲዳብስ፣ ደግሞ አናቱን መታው። ፈሪሃ የጆንያ መርፌዋን እንደያዘች ሮጣ ሱፍዋን ክንድ ላይ ሰካችው። አልተሰማውም። ሦስተኛውን ሊያወርድ ሲል ሸካሞች ያዙት፤ አምልጧቸው በሽንኩርት ተራ በኩል ወደ ወንዙ ሮጠ፤ መርፌው ክንዱ ላይ እንደተሰካ ነበር።

አባቷ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ ሞተ። ደሙ የተበጠረ ማሾ ላይ ፈሰሰ።

ከአስር ሶላት በፊት ተቀበረ። ከቀብር መልስ ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው የሚናገረው ጁነይድ ብቻ ነበር። ጁነይድ የአብዱልሃዲ ታናሽ ወንድም፣ በአጣዬ መንገድ አይሱዙ የሚነዳ፣ በጦርነቱ ዘምቶ ክላሽ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ወንድሙ ያሳደገው፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣው፣ የዳረው ነው። ፖሊስ ሱፍዋንን እየፈለግሁ ነው ብሏል። ጁነይድ ግን «እኔም እፈልጋለሁ» አለ።

በሰደቃው ማግስት መኪናውን አስነሣ። የዘመድ ወጣቶች ከላይ ተጫኑ። ፈሪሃ ማንም ሳይጠራት ጋቢና ገብታ ተቀመጠች።

«ወዴት ነሽ አንቺ?» አለ ጁነይድ።

«ያየሁት እኔ ነኝ። እሄዳለሁ።»

ቀና ብሎ አያትና ማርሽ አስገባ። ፈሪሃ ይህን ስትናገር ዛሬም አትሸፋፍንም፤ የሄደችው ለመገላገል አልነበረም። ሱፍዋን ሲሞት ለማየት ነው።

የሱፍዋን ቤት ከማሽላው ማሳ ባሻገር፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ነው። ሱፍዋን አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ በር ላይ ቆሞ «የለም፣ ወላሂ የለም» አለ። ጁነይድ በክላሹ አፈሙዝ ገፋው፤ ልጁ አፈሙዙን ያዘ፤ ጥይቱ ጭኑን በጥሶ ወጣ። መሬት ላይ ወድቆ አፈር በእጁ እየዘገነ ሲጮህ ወጣቶቹ በላዩ ተሻግረው ገቡ። የማሾውን ክምር ለኮሱት። ነፋስ ነበር፤ እሳቱ ከክምሩ ወደ ቤቱ ክዳን ዘለለ። በረት ውስጥ ታሥሮ የነበረ በሬ ገመዱ ሳይበጠስለት እዚያው ተቃጠለ፤ ጩኸቱ የሰው ይመስል ነበር።

የሱፍዋን እናት ዙልፋ የቆሰለ ልጇን በነጠላዋ ስታሥር ቆይታ፣ ድንገት ተነሥታ ወደሚነደው ቤት ገባች። ፈሪሃ «አሮጊቷ ገባች» ብላ ጮኸች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴትዮዋ ስትወጣ ሻሿ ይጨሳል፤ የሁለት እጆቿ ቆዳ ተልጦ ተንጠልጥሏል፤ በእጆቿ መሃል ግን አንድ ነገር ታቅፋለች። ከጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል፣ ባለ መንጠቆ የስፕሪንግ ሚዛን ነው። ብረቱ ግሏል። አልለቀቀችውም። ቀጥ ብላ ፈሪሃ ፊት መጥታ እግሯ ሥር ጣለችው።

«ውሰጂው» አለች። «በዚህ ነው የመዘነው። ልጄ ነፍስ አጥፍቷል፣ አላህ ይፍረድበት። ሐሰት ግን አልተናገረም።»

ፈሪሃ ለሱፍዋን ይዛው የሄደችው ጥላቻ ሁሉ እዚያው አልለቀቃትም። ሚዛኑን ግን አነሣችው፤ መዳፏን አቃጠላት። በመንገዱ ሁሉ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ጁነይድ በመስኮት ሊወረውረው ሲል እጁን ነከሰችው።

የሱፍዋን ወንድም ደብረ ብርሃን ተወስዶ እግሩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ መንደር ለመንደር ተኩስ ሆነ። ማሳ የሚሄደውም መሣሪያ ይዞ ሆነ። ከጁነይድ ወጣቶች አንዱ ሽንኩርት ሲያጠጣ ከማሽላው ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ።

ይህን ጊዜ ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። መሪያቸው ሸህ አብዱልሰመድ፣ ሁለቱም ወገን የሚፈራቸው ሰው ናቸው። ሱፍዋን በእነሱ እጅ አልፎ ለፖሊስ እንዲሰጥ፣ ካሳ ተከፍሎ ደም እንዲደርቅ ሐሳብ አቀረቡ። ጁነይድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የሱፍዋን ዘመዶች ገበያው ፊት ቆመው «የአብዱልሃዲ ሚዛን ትክክል ነበር፣ ልጃችን ዋሽቶ ነው የገደለው» ብለው ይማሉ። የሱፍዋን ዘመዶች ደግሞ እምቢ አሉ። ልጃችንን መስጠት እሺ፣ ካሳ እሺ፣ የሐሰት መሐላ ግን አንምልም አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ተሰነቀረ፤ ተኩሱም ሊቀጥል ሆነ።

ፈሪሃ በነዚያ ቀናት እንቅልፍ አልነበራትም። የአባቷ አፍ ተከፍቶ ሲቀር ታየዋለች። ያ ቃል ምን ማለት ነው? ሰው የሞተበትን ቃል ሳታውቅ መኖር አቃታት።

አንድ ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጋ ስታልፍ ሰዎች ተሰልፈው ሲያጉረመርሙ ሰማች። «ዛሬ ካሊብሬሽን ነው፣ አይቀዳም» ይባባላሉ። ተጠግታ አየች። ኪሩቤል የተባለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ የነዳጁን ማሽን በቆርቆሮ መለኪያ እያስቀዳ ይፈትሻል። ሥራው እስኪያልቅ ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀችው።

«ወንድሜ፣ ካሊብሬት ምን ማለት ነው?»

ኪሩቤል የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ማስተያየት ማለት ነው» አለ። «ልኩ የሚታወቅ ነገር አለሽ፣ ልኩ የማይታወቅ ነገር አለሽ። ሁለቱን አስጠግተሽ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት መናገር ነው።»

«ማስተካከል ማለት አይደለም?»

«አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ። አንድ ነገር ካሊብሬት ተደረገ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ምን ያህል እንደሚሳሳት ታወቀ ማለት ነው። እሱም ለዚያች ዕቃ፣ በዚያች ቀን ብቻ። ከወደቀች፣ ከጎበጠች፣ እንደገና ነው።»

«ድንጋዩ ካሊብሬት ተደርጎ ክንዱ ካልተደረገስ?»

«እንግዲያማ ድንጋዩ ነው የታወቀው። ስለ ሚዛኑ ምንም አታውቂም።»

ፈሪሃ ማደያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ኪሩቤል ፈራ፤ በሰው ደም ውስጥ መግባት አልፈለገም፤ መኪናውንም ወደ ደብረ ሲና ሊያዞር ተነሥቶ ነበር። ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና «ዕቃዎቹን አሳዪኝ» አለ።

መጋዘኑን ከውስጥ ዘጉት። በእንጨት ሣጥን በጨርቅ ተጠቅልለው የሚሄዱ፣ የሚያብለጨልጩ የራሱ ድንጋዮች ነበሩት፤ በጓንት ነው የሚያነሣቸው። የአብዱልሃዲን ድንጋዮች በእነሱ መዘነ። ደህና ናቸው። የገደለውን ድንጋይ ፖሊስ ስለወሰደው እሱ ብቻ አልተመዘነም። ቀጥሎ ክንዱን ለካ። በእህሉ ወገን ያለው ክንድ ከሌላው አጥሯል፤ ብየዳው ያሳጠረው እዚያ ላይ ነው። ባዶውን እኩል የሚያቆመው በሽቦ የታሠረው ቁራጭ ብረት ነበር። ሲጫንበት ግን ይሰርቃል። በጎደለው አምስት ኪሎ ፈንታ የኪሩቤልን ድንጋይ ተክተው ሃምሳ ኪሎ ቢያስቀምጡበት አርባ ሰባት አለ። የዙልፋን የስፕሪንግ ሚዛን ደግሞ ሰቀሉት። እሳት የነካው ስለሆነ ኪሩቤል ጥርጣሬውን ነገራት፤ ሆኖም የሚዛኑ መርፌ ገና ምንም ሳይሰቀልበት አራት ላይ ቆሞ ነበር፤ የቆየ ዝገትም እዚያው ላይ ምልክት ጥሏል፤ ከብዙ ጊዜ በፊት የተበላሸ እንደሆነ ያሳያል። ያንኑ ሃምሳ ኪሎ ሃምሳ አራት አለው።

ፈሪሃ ከአባቷ ሞት ወዲህ ያን ዕለት ነው ያለቀሰችው። አባቷ ሌባ አልነበረም። ሚዛኑ ግን ይሰርቅ ነበር፤ ስንት ገበሬ ከዚያ ደጃፍ ጎድሎበት እንደሄደ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ከከተማው ዳር በሮቃው ዛፍ ሥር ነው። የሁለቱም ወገን ሰዎች ተራርቀው፣ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ፈሪሃ ሁለቱን ሚዛኖች በጋሪ አስጭና መጣች። ኪሩቤል ድንጋዮቹን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ሸህ፣ ልናገር ይፈቀድልኝ» አለች።

«ተናገሪ ልጄ።»

ተናገረች። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ኪሩቤል እንደነገራት ነገረቻቸው። ሚዛኖቹን አሰቀለች። ያንኑ ሃምሳ ኪሎ በሁለቱም አሳየቻቸው፤ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ እየተነሣ መጥቶ በዓይኑ አየ። «አባቴ አልዋሸም» አለች። «ሱፍዋንም አልዋሸም። ሁለቱም የያዙትን አያውቁትም ነበር። የአባቴ ሚዛን ሦስት ያጎድላል፣ የሱፍዋን አራት ይጨምራል። እውነቱ ሃምሳ ነበር።»

ጁነይድ ሲነሣ ያየው የለም። በክላሹ ሰደፍ አገጯን መታት። መንጋጋዋ ሲሰበር ድምፁን ከጆሮዋ ውስጥ ሰማችው። «ወንድሜን መቃብር ውስጥ ሌባ አደረግሽው» ይላል፤ ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። ሊደግማት ሲያነሣ ኪሩቤል መሃል ገባ፤ እሱንም ትከሻውን መታው። ከወዲያ በኩል መሣሪያ ተቀባበለ። ሸህ አብዱልሰመድ ያን ሁሉ ዕድሜያቸውን ይዘው ጁነይድ ላይ ወደቁ፤ ሌሎቹ ተደረቡባቸው፤ ጥይት ባርቆ የሮቃውን ቅርንጫፍ ጣለው። ከወዲያኛው ወገን አንድ ሰው ቢተኩስ ኖሮ ያን ቀን ስንት ሬሳ እንደሚነሣ አይታወቅም። ያልተኮሱበት ምክንያት ዙልፋ ናት። በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቿን ዘርግታ በወንዶቿ አፈሙዝ ፊት ቆማ ነበር።

ፈሪሃ አፈር ላይ ተቀምጣ፣ ደምና ጥርስ ወደ እጇ እየተፋች፣ በማይላወስ አፍ አንድ ነገር ለመናገር ሞከረች። ሸህ አብዱልሰመድ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ምን አለች?» አሉ ሰዎች።

«ይማሉ ትላለች» አሉ ሸሁ። «አሁን ያዩትን ብቻ። ሁለቱም ወገን።»

ሁለቱም ወገን ማለ። የጁነይድን ወጣቶች ያስማላቸው እሱ አልነበረም፤ እጁን የፊጥኝ ታሥሮ ነበር።

ሱፍዋን በዚያው ሳምንት በሽማግሌዎቹ እጅ ወጥቶ ለፖሊስ ተሰጠ። ክንዱ በመርፌው አመርቅዞ አብጦ ነበር። ተፈረደበት፤ እስር ቤት ነው። ጁነይድም ስለ እሳቱና ስለ ተቆረጠው እግር ተፈረደበት። ሽንኩርት ሲያጠጣ የሞተውን ልጅ ማን እንደገደለው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እናቱ ከእርቁ ምንም አልደረሳትም፣ በስብሰባውም አልተገኘችም።

ሱፍዋን ከእስር ቤት በእናቱ በኩል ይቅርታ ልኮ ነበር። ፈሪሃ አልተቀበለችውም። «ሚዛኑን ያወቅሁት ለእውነቱ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም» አለቻት ለዙልፋ። «አባቴን ሁለት ጊዜ ነው የመታው። አንዱን በንዴት ነው እንበል፤ ሁለተኛውንስ?» ዙልፋ ይህን ሰምታ ተነሣች። የፈሪሃን ደጃፍ ትታ ስትሄድም አልረገመቻትም።

የፈሪሃ መንጋጋ በሽቦ ታሥሮ ብዙ ሰነበተ። ሲፈታላት ሚዛኑን አስጠግና፣ አስፈትሻ ወደ ገበያው ተመለሰች። ሰዉ አንድ አልሆነላትም። አንዳንዱ ገበሬ የለመደውን ነጋዴ ትቶ ወደ እሷ መጣ። የአባቷ ባልንጀሮች የነበሩ ነጋዴዎች ግን ሰላምታዋን አይመልሱም ነበር፤ እነሱም የየራሳቸውን ሚዛን ማስፈተሽ መጣባቸው፤ ከገበሬ ጋር አናከሰችን አሉ። አንድ ጊዜ መጋዘኗ ላይ ድንጋይ አዘነቡባት። አልዘጋችም።

ባለፈው አረፋ ጁነይድ ተፈትቶ ቤቱ ነበር። ፈሪሃ ሊመጣ ይችላል ብላ ቀኑን ሙሉ ደጁን ክፍት አድርጋ ዋለች። አልመጣም። አመሻሹ ላይ ሚስቱ ከአረዱት በግ የፈሪሃን ድርሻ በሳህን ሸፍና አመጣች።

«ጋሼ ደህና ነው?» አለች ፈሪሃ።

«ደህና ነው። ስምሽን አያነሣም» አለች ሚስቱ። «ሥጋውን ግን ቆርጦ የለየው ራሱ ነው።»

ፈሪሃ ሥጋውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳህኑንም አጥባ መለሰችላት።